ይድረስ ለምርጫ ክልላችን ተወካይ፦ በእኛ ፎቶ ስለሰጡት ድጋፍ

የተከበሩ የምርጫ ክልላችን ተወካይ፣

ሰላምታችን ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር፣ ለቅስቀሳዎ በር ለበር የዞርን 14 በጎ ፈቃደኞች ነን። ከመካከላችን የታክሲ ሹፌር አለ፣ የነርስ ረዳት አለች፣ የፓርኪንግ ሰራተኛ አለ፣ ገና ኮሌጅ የሚማሩ ሁለት ልጆችም አሉ። የመላው ኢትዮጵያዊ ወኪሎች ነን አንልም። እንዲያውም ብዕር ያስነሳን ማንም ሳይወክለው በሕዝብ ስም መናገር የሚባለው ነገር ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ ለቢሮዎ ገብቷል። አማርኛውን በግልጽ ያወጣነው ነገሩ የሚመለከታቸው ሰዎች እንዲያነቡት ብለን ነው።

ጉዳዩ ባለፈው ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚመርጡበት ምርጫ፣ ከፓርቲዎ የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ለአንዱ የሰጡት ድጋፍ ነው። የዕጩውን ስም አናነሳም፤ ፓርቲውንም አንጠራም። ዕጩው ጥሩ ነበር አልነበረም ብለን መከራከር አንፈልግም። ከመካከላችን የወደደውም ያልወደደውም አለ። ድጋፍ መስጠትም መብትዎ ነው። ያስከፋን ድጋፉን የሰጡበት መንገድ ነው።

ከፎቶው እንጀምር።

መስከረም ላይ እንቁጣጣሽን ፓርክ ውስጥ ስናከብር መጥተው ነበር። ደስ ብሎን ተቀበልንዎ። ነጠላ አለበስንዎ። እድሜያቸው ሰባን ያለፈ አንዲት እናት አበባ ሰጡዎ። አደይ አበባ እዚህ ስለማይገኝ ጠዋት ከግሮሰሪ የተገዛ ቢጫ አበባ ነበር፤ ግንዱን በአረንጓዴ ክር ራሳቸው ናቸው ያሰሩት። እርስዎ ጎንበስ ብለው በሁለት እጅ ተቀበሉ። አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ አነሳ። የሚያምር ፎቶ ነው፣ እውነቱን እንናገር።

በጥር ወር ያ ፎቶ በየመልእክት ሳጥናችን ገባ። በሚያብረቀርቅ ጠንካራ ካርድ ላይ ታትሟል። ከላይ የእርስዎና የዕጩው ስም አለ። ከስር «የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ከእኛ ጋር ነው» ይላል። እኚያ እናት ማንም አልጠየቃቸውም። ካርዱን ያዩት ልጃቸው ከፖስታው ጋር ይዞት ሲገባ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዷ ጠጋ ብላ «እማማ፣ ደግሞ ፖለቲካ ጀመሩ እንዴ?» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት እሁድ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ቡናውን ሳይጠጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልናነጋግራቸው ስንሄድ የነገሩን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «እኔ እኮ አበባ ነው የሰጠሁት» አሉን።

ይህ ለቢሮዎ ሰራተኞች ትንሽ ነገር ሊመስላቸው ይችላል። ለእኛ ግን ትልቅ ነው። ከመካከላችን «አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ያሳሰራቸውና አገር ያስለቀቃቸው ሰዎች አሉ። ስማቸው በማያውቁት ዝርዝር ላይ ወጥቶ የተጎዱ ዘመዶች አሉን። እዚህ የሚኖር ሐበሻም በፖለቲካ የተከፋፈለ ነው፤ በአንድ ዕድር ውስጥ እንኳ ሦስት ዓይነት አቋም ይገኛል። አንድ ላይ ያቆየን በዓሉና ለቅሶው ነው። በዓሉን ለምርጫ ካርድ ሲያውሉት አንድ ላይ የሚያቆየንን ነገር ነክተዋል።

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ፖለቲከኛ በመጣ ቁጥር ከጎኑ ለመቆም የሚሽቀዳደሙ፣ «ማኅበረሰቡ ይደግፍዎታል» ብለው በሁላችን ስም ቃል የሚገቡ ሰዎች ከእኛም ውስጥ አሉ። እነሱም ይህን ያንብቡት።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችል የነበረው ነው። ቡድንዎ በአማርኛ ያዘጋጀው ፍላየር በስካይላይንና በኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ተቀምጦ ነበር። «በአንደኛ ደረጃ ምርጫ ሁሉም ሰው ወጥቶ ድምፅ ይስጥ» ይላል። ይህን የጻፈ ሰው አማርኛ አያውቅም፤ ወይም ሰው አልጻፈውም። አንደኛ ደረጃ እኛ ዘንድ ትምህርት ቤት ነው። አንድ አባት ፍላየሩን ይዘው «የየትኛው ትምህርት ቤት ምርጫ ነው?» ብለው ጠይቀውናል። ሦስት የልጅ ልጆቻቸው እዚሁ ስለሚማሩ የወላጅ ኮሚቴ የሚመረጥ መስሏቸዋል።

ይህስ ይስተካከላል። «ሁሉም ሰው» የሚለው ግን አስደንግጦናል። ፍላየሩ ላይ «ዜግነት ያለው» የሚል ቃል የትም የለም። በዲቪ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ የሆነ ወጣት ፍላየሩን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ከእኛ አንዱን አስቁሞ ጠየቀው። «ወንድሜ፣ የምንመርጠው የት ነው?» አለው። «ዜግነት ወስደሃል?» ሲባል «ኧረ፣ ግሪን ካርድ ነኝ» አለ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ለፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው። ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ዜግነት ሲያመለክትም እንቅፋት ይሆንበታል። ያ ልጅ ከመሄዱ በፊት የሚጠይቀው ሰው ባያገኝ ኖሮ ምን እንደሚደርስበት አስቡት። ከዚያ ቀን በኋላ ፍላየሩን ካገኘንበት ሁሉ እየሰበሰብን «ዜጎች ብቻ» ብለን በእስክሪብቶ እየጻፍን መለስነው። ይህ የእኛ ስራ መሆን አልነበረበትም።

ፍላየሩ በቴሌግራም ወንዙንም ተሻግሮ ሜሪላንድ ገብቷል። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም። በፕራይመሪው ቀን የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ጠይቆ ድምፁን ይሰጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ለአንድ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩ ድምፅ ለመስጠት አስቀድሞ በዚያ ፓርቲ አባልነት መመዝገብ ግድ ነው። የአንዱ ባልደረባችን እህት ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ስትመዘገብ የየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም ብላ ነበር። በምርጫው ቀን ከስራ አስፈቅዳ ሄደች፤ የደረሳት የትምህርት ቦርድ አባላት የሚመረጡበት ወረቀት ብቻ ነው። ለዚህ እርስዎን አንወቅስም፤ ሜሪላንድ የእርስዎ ክልል አይደለም። ግን አንድ መስመር ማብራሪያ ቢኖርበት ኖሮ ሴትዮዋ የቀን ደመወዟ ባልተቆረጠ ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታችን ሳይመለሱ ስለቀሩት ጥያቄዎች ነው። በዚያው በእንቁጣጣሽ ቀን፣ ድንኳኑ ስር፣ ሦስት ነገር ጠይቀንዎ ነበር። «ድጋፌን ከመስጠቴ በፊት ተመልሼ መጥቼ እናወራለን» አሉን። ረዳትዎ በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ ጽፋዋለች። አልመጡም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ስለሚሸጡበት ሕግ፣ ስለ አጎዋ ነበር። በኅዳር 2 ቀን 2021፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ቨርጂኒያ ገዢዋን ስትመርጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካ በኢትዮጵያ ላይ በያዘችው ፖሊሲ ተቆጥተው ቅስቀሳ ላይ ነበሩ። በዚያችው ዕለት ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጡ ለኮንግረስ አሳወቁ። ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮም ወጣች። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ ሴቶችን እንጀራ የነካ ውሳኔ ነው። ከእኛ ውስጥ ለእነዚያ ሴቶች ቤት ኪራይ የላከ አለ። ስለዚህ የሚደግፉት ዕጩ በዚህ ላይ ምን ይላል? ብለን ጠየቅን። ውሳኔው ልክ ነበር የሚልም ከመካከላችን አለ፤ እሱም መልሱን መስማት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ወንድምና እህት ስለማምጣት ነው። ዜግነት ያለው ሰው ለወንድሙ ቢያመለክት ከአስር ዓመት በላይ ይጠብቃል። አመልካቹ ይሸብታል። የተጠራው ልጅ ትዳር ይዞ፣ ልጆች ወልዶ፣ አንዳንዴም ወላጆቹን ቀብሮ ነው ተራው የሚደርሰው። ዕጩዎ ስለዚህ አስቦ ያውቃል?

ሦስተኛው የቋንቋ ነገር ነው። የ1965ቱ የመራጮች መብት ሕግ በ1975 ሲሻሻል የምርጫ መረጃ በሌላ ቋንቋ እንዲቀርብ የሚያስገድድ ክፍል ተጨመረበት። ግን የሚመለከተው ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ተወላጆችን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችንና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ብቻ ነው። የአፍሪካ ቋንቋ አንድም የለበትም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው በራሷ ሕግ አማርኛን ታገለግላለች። ድልድዩን ተሻግረን እኛ ጋ ስንመጣ የፌዴራሉ ሕግ ለአማርኛ ማንንም አያስገድድም። እርስዎ ይህን ክፍተት ያውቁታል ወይ ብለን ነበር የጠየቅንዎ።

ከእነዚህ ለአንዱም መልስ ሳናገኝ ካርዱ መጣ። ካርዱን ተከትሎ አምስት ዶላር እንድናዋጣ የሚጠይቅ ቴክስት መጣ።

ድጋፍ መስጠት ምን ዓይነት ክብደት እንዳለው እናውቃለን። በ2020 የሳውዝ ካሮላይናው የኮንግረስ አባል ጂም ክላይበርን ያደረጉትን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ባይደን በአይዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሸር አምስተኛ ወጥተው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦባቸው ነበር። ክላይበርን በየካቲት 26 ድጋፋቸውን ሰጡ። ከሦስት ቀን በኋላ ባይደን ሳውዝ ካሮላይናን ወደ ግማሽ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፉ። በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ብዙ ስቴቶች በአንድ ቀን በሚመርጡበት በሱፐር ቱዝደይ፣ የእኛን ቨርጂኒያን ጨምሮ አስር ስቴቶችን ወሰዱ።

ከሁሉ በላይ ልባችን ውስጥ የቀረው ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ክላይበርን ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ለለቅሶ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት አንዲት አሮጊት ጠርተዋቸው ማንን እንደሚመርጡ ጠየቋቸው። ጮክ ብለህ መናገር ካልፈለግህ በጆሮዬ ንገረኝ አሏቸው። ነገሯቸው። ሴትዮዋም ሕዝቡ ከአንተ መስማት ይፈልጋል አሏቸው። ልብ ይበሉ፣ ጠያቂዋ መራጯ ናት። ክላይበርን ድጋፉን ሲሰጡም እኛ ጆ ባይደንን እናውቀዋለን ብለው አልተዉትም፤ ዋናው እሱ እኛን ማወቁ ነው አሉ። ባዶ እጃቸውንም አልሄዱም። ጥቁር ሴት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት እጩ አደርጋለሁ ብለው ባይደን በአደባባይ ቃል እንዲገቡ አጥብቀው መክረዋቸዋል። ባይደን በየካቲት 25ቱ ክርክር ቃሉን ሰጡ። ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን በሰኔ 2022 ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

 

የእርስዎ ዕጩስ እኛን ያውቀናል? ይህን ጥያቄ ደግመን ደጋግመን እርስ በርሳችን ጠይቀናል።

ሌላም ምሳሌ አለን፤ ከሁሉ የምንወደው ይህን ነው። የጆርጂያው የኮንግረስ አባል ጆን ሉዊስ በ2007 ለሂላሪ ክሊንተን ድጋፍ ሰጥተው ነበር። በየካቲት 2008 ጆርጂያ ስትመርጥ የሳቸው ሕዝብ ለኦባማ ወጣ፤ ኦባማ ከስቴቱ ድምፅ ሁለት ሦስተኛውን ያህል አገኙ። ሉዊስ የክሊንተኖች የቆየ ወዳጅ ናቸው። ቢሆንም በዚያው ወር መጨረሻ ድጋፋቸውን ወደ ኦባማ አዞሩ፤ ከሕዝቡ ጎን መሆን እፈልጋለሁ ብለው በግልጽ ተናገሩ። ከባድ ውሳኔ እንደነበርም አልደበቁም። ድጋፍ መቀየር ነውር አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ይህን ያነሳነው ወደ አራተኛው ቅሬታችን ስለሚወስደን ነው። ድጋፍዎን በሰጡ በሦስተኛው ሳምንት ዕጩው ራሱን ከውድድሩ አገለለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫው ሊደርስ 45 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ድምፅ መስጠት ይቻላል። በእኛ ቅስቀሳ ቀድመው የመረጡ ሰዎች ነበሩ። አንዴ የገባ ድምፅ አይመለስም። ከነሱ አንዷ የሌሊት ፈረቃ ሰርታ፣ ሳትተኛ፣ በብርዱ አውቶቡስ ጠብቃ ሄዳ የመረጠች ሴት ናት።

ዕጩው የወጣው ማታ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከቢሮዎ ቴክስት ደረሰን። ለሌላ ዕጩ ድጋፍ ሰጥተዋል። ኮሌጅ ከሚማሩት ልጆቻችን አንዷ የፊተኛውንና የኋለኛውን መልእክት ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችን። ዓረፍተ ነገሮቹ አንድ ናቸው። «ለሰራተኛ ቤተሰቦች የቆመ ብቸኛው ዕጩ» የሚለው ሳይቀር እንዳለ ነው። ስሙ ብቻ ተቀይሯል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት «ብቸኛ» ሰው።

ያን ሁሉ ደጅ የረገጥነው እኛ ነን። አፓርታማ ህንጻ ውስጥ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ በር አንኳኩተን «እርስዎ የሚያምኑበት ሰው ነው» ብለን የነገርናቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው። በማግስቱ አሳንሰር ውስጥ እንገናኛለን። «ያ ሰውዬስ?» ሲሉን ምን እንበል? ስልክ ደውሎ «ዕጩው ሊወጣ ነው፣ ለደከማችሁት አመሰግናለሁ፣ ሌላውን የምደግፈው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው» የሚለን አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። በታኅሣሥ 2003 የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ከፕሬዚዳንት ዕጩዎቹ ለአንዱ፣ ለሃዋርድ ዲን፣ ድጋፍ ሲሰጡ ሌላው ተወዳዳሪ ጆ ሊበርማን ነገሩን የሰሙት ከዜና ነው። ሊበርማን በ2000 የጎር ምክትል ሆነው የተወዳደሩ፣ ጎር ከተወዳደሩ እኔ አልገባም ብለው የጠበቁ ሰው ናቸው። ቅያሜያቸውን በይፋ ተናግረዋል። እኛ ሊበርማን አይደለንም፤ ግን ከዜና መስማት ምን እንደሚመስል አሁን ገብቶናል።

እስከ 1968 ድረስ ዕጩ የሚመረጠው በአብዛኛው በፓርቲ አለቆች ነበር። በዚያ ዓመት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሂውበርት ሃምፍሪ በፕራይመሪዎቹ ሳይወዳደሩ ቺካጎ በተደረገው የፓርቲ ጉባኤ ላይ የዴሞክራቶች ዕጩ ሆኑ፤ ከዚያ ቁጣ በኋላ ነው ፕራይመሪ ዛሬ ያለውን ክብደት ያገኘው። ምርጫው ከአለቆች ወጥቶ ወደ መራጩ ሲመጣ የፖለቲከኛ ድጋፍ ምክር ሆነ። ምክር የሚሰጥ ሰው ደግሞ ምክንያቱን ይናገራል፤ የተመከረውንም ይሰማል።

የምንጠይቅዎ የሚከተለውን ነው።

የእንቁጣጣሹ ፎቶ ከካርዱም ከድረ ገጽዎም ከማንኛውም የቅስቀሳ ጽሑፍ ይነሳ። ለእኚያ እናት በስማቸው የተጻፈ የይቅርታ ደብዳቤ በእጃቸው ይድረሳቸው። ወደፊት ከበዓላችን የተነሳ ፎቶ ለምርጫ ሲፈለግ የሚታየው ሰው ራሱ በጽሑፍ ይፍቀድ፤ ከአጠገብዎ የቆመ ሽማግሌ ፈቃድ አይበቃም።

በአማርኛ የሚወጣ ማንኛውም የምርጫ ጽሑፍ ገንዘብ ተከፍሎት በሰው ይተርጎም፤ ሌላ ሰውም ይየው። ማን መምረጥ እንደሚችል፣ ዜግነት ግዴታ መሆኑን፣ ቀኑንና ቦታውን ከዕጩው ስም በላይ ይጻፍ። ስለ አማርኛና ስለ ምርጫ ሕጉ ክፍተት ያለዎትን አቋምም በጽሑፍ ያሳውቁን።

ለሚቀጥለው ምርጫ ድጋፍ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ግልጽ ስብሰባ ያድርጉ። እሁድ ከሰዓት ወይም ሰኞ ማታ ይመቸናል፤ ዓርብ ቀን ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን መስጊድ ናቸው፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ታክሲ ነጂዎቹ ስራ ላይ ናቸው። በዚያ ቀን ለሦስቱ ጥያቄዎቻችን የዕጩውን መልስ ይዘው ይምጡ። መልስ ከሌለውም የለውም ይበሉን።

የደገፉት ዕጩ ከወጣ ደግሞ ቴክስቱ ከመላኩ በፊት በር ለበር ለዞሩት ሰዎች ይደወልልን። ስልካችን ቢሮዎ ውስጥ አለ። ገንዘብ ሲጠየቅበት ነበር።

አዳራሹን እኛ እናዘጋጃለን፤ ቡናም እናፈላለን። የይቅርታውን ደብዳቤ በተመለከተ እናታችን አንድ ነገር አደራ ብለውናል፤ በአማርኛ ይሁንልኝ፣ ልጄ ሳያስተረጉምልኝ ራሴ ላንብበው ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የ14ቱ በጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ፣ የታክሲ ሹፌርና የምርጫ ክልልዎ መራጭ
ሰሜን ቨርጂኒያ